ሸክላ ላይ የወጣው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ከሶዶ ወደ በዴሳ ስሄድ የሚኒባሱ ሾፌር ያን ዘፈን ከፈተው። መጀመሪያ የመርፌው ጭረት መጣ፤ ከዚያ አኮርዲዮኑ፤ ከዚያ የእህቴ ድምፅ። ከፊቴ የተቀመጡት ወጣቶች ትከሻቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ዝጋው ልለው ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። ምን ብዬ? እነሱ የሚያውቁት ዘፈን ነው። እኔን ግን፣ ልጄ፣ ያን ዜማ በሰማሁ ቁጥር የሚሸተኝ ዝናብ የመታው እንሰትና ገና የተቆፈረ አፈር ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። እናታችን አልቃሽ ነበረች። በጉኑኖ ዙሪያ ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ ሳይገነዝ መልእክተኛ እኛ ደጅ ይደርስ ነበር። ለቅሶ ሜዳው መሀል ቆማ ድምፅዋን ስታወጣ፣ ጦር ይዘው ወዲያ ወዲህ የሚሮጡት ወንዶች እንኳ ቀጥ ይሉ ነበር። ለሰው የምታወጣው ዜማ ብዙ ነው፤ አንዱን ግን ለማንም አታወጣውም። እሱ የገዛ እናቷን የቀበረችበት ነው። ታላቅ እህቴን ያስተማረቻት እሷ ራሷ ለምትሞትበት ቀን ነበር። በቤታችን ወግ ሴት ልጅ ያን ዜማ ሳታወጣ የእናቷ አስከሬን ከሜዳው አይነሳም።

እህቴ ድምፅዋን ከእናታችን ወስዳለች፤ ልቧ ግን ሶዶ ነበር። በገበያ ቀን ቅቤዋን ሸጣ፣ አንድ ጉራጌ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ግራማፎን ስትሰማ ትውል ነበር። ሰውየው ስታንጎራጉር ሰምቶ ከሚስቱ ጋር አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። ሸክላ አሳታሚው ፊት የሬዲዮ ዘፈኖች ዘፈነችለት፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄንንማ ሁሉም ይዘፍነዋል። የአገርሽ የለሽም?» አላት።

ባዶ እጇን መመለሱን ፈራች። ያን ዜማ አወጣችው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ አሉ። የሞቱን ቃል አውጥተው የፍቅር ቃል ከተቱበት፤ ከበሮና አኮርዲዮን ጨመሩበት።

የመጀመሪያ ሸክላዋ ነበር፤ አገር ያዘ። ሶዶ ውስጥ እሱን የማያጫውት ቡና ቤት ጠፋ። የጭነት መኪና ሾፌሮች እያፏጩት ያልፋሉ፤ እሱን ለመስማት ከቦምቤ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ። እኔም ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? የዘፋኟ እህት ተብዬ ስንት ሻይ ተጋብዣለሁ!

እናታችን የሰማችው በገበያ ቀን ነው። ድምፁ ከቡና ቤቱ ሲወጣ የተሸከመችውን ቆጮ አወረደች፤ ነጠላዋን አደገደገችና «ማን ሞተ?» አለች። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሳቁባት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። ቆጮውን ሳትሸጠው ወደ ቤት ተመለስን።

እህቴ የእጅ ሰዓት አስራ፣ በተረከዝ ጫማ ስትመጣ እናታችን አልጮኸችባትም። ብትጮህባት ይሻል ነበር።

«መልሺው» ብቻ አለቻት።

«እንዴት አድርጌ? በየሰዉ ቤት ገብቷል እኮ፣ እናቴ።»

«እኔን ታዲያ በምን ልትሸኚኝ ነው?»

እህቴ ሳቅ ብላ «አንቺ ደሞ መቼ ትሞቺና» አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእሷ ደግሞ በሸክላ የወጣ።

በሚቀጥለው ክረምት እናታችንን ሳል ያዛት፤ አልለቀቃትም። ለቀብሯ የመጣው ሰው ሜዳውን ሞላው፤ ግማሹ እሷን ሊያለቅስ፣ ግማሹ ዘፋኟን ሊያይ። ካፊያው አላቋረጠም። እህቴ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ላይ ቆመች። «ታ አዬ!» ብላ ጀመረች፤ በቋንቋችን እናቴ ማለቷ ነው። ዜማው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ቃሉም የሞት ቃል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

ከኋላ፣ ከሶዶ በመኪና የመጡት ወጣቶች የዘፈኑን አዝማች ተቀበሏት። በክፋት አይደለም፤ አፋቸው ለምዶት ነው። አንዷ አጨበጨበች። ሽማግሌዎቹ በቁጣ ዝም አሰኟቸው። እህቴ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ዝም ያለው ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ አንገቱ ሲወዛወዝ አየች። ዜማውን አቋርጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ጠበቋት፤ ከዚያ አስከሬኑን ያለ ዜማ አነሱት። የሌላውን ሁሉ ሙት ስታስለቅስ የኖረች ሴት በዝምታ ተቀበረች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ «ነይ» ብላኝ መቃብሩ ጋ ሄድን። ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

«አንቺ አውጪላት» አለችኝ። «ያንቺን ድምፅ ማንም አያውቀውም። ምናልባት ካንቺ አፍ ለቅሶ ይሆንልኝ ይሆናል።»

ድምፅ የለኝም፤ ሻካራ ነው። ቢሆንም እንደምንም ጀመርኩት። እየተሰበረ፣ እየሳተ ወጣ። እህቴ አፈሩ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና እንባዋን ጠበቀች። እኔ ግን ከዜማው መሀል ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ባዶ እግሯ ጭቃውን ቸብ ቸብ ያደርጋል። የከበሮውን ምት እየመታ ነበር።

ዝም ስል ዓይኗን ገለጠች፤ እግሯን አየችው። ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችውና «ቀጥይ፣ ግድ የለሽም፣ ቀጥይ» አለችኝ።