በእናቱ ጎን የቆመው ወታደር

ባሌ ጎንደር አራዳ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። እሱ ያነሣል፤ እኔ ደግሞ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፣ የተቧጨረውን በቀጭን ብሩሽ አስተካክላለሁ። የቄስ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ መግባቴ አባቴን እንደ ቆረቆራቸው ኖሯል። እኔ ግን ወድጄው ነበር፤ ወድጄውም እፈራው ነበር። በቀይ መብራት ሥር ነጩ ወረቀት የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ዝም ብሎ ይቆይና መጀመሪያ ጠጉር፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው ከፈሳሹ ውስጥ ቀና ብሎ ሲያየኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ስንት ዘመን ሠርቼም አልለመድኩትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ያለሁ መስሎ ተሰምቶኝ ስለማያውቅ እያንጎራጎርኩ ነበር የምሠራው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዓመታት አልፈው፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊልም ማየት በከተማችን ወግ ሆኖ ነበር። አንድ ሰሞን የመጣው ፊልም ስለ አንድ የሞተ ባል ነው። ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የምግብ ክፍሉን አቋርጦ ሲሄድ ወንበሩና ግድግዳው በሰውነቱ ውስጥ አልፈው ይታያሉ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አምባ ጊዮርጊስ ደርሰው የሚመለሱ ነጋዴዎች ከኋላችን «በስመ አብ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም አማተብኩ። ባሌ ግን እንደ ልጅ እየሳቀ በክርኑ ይጎስመኛል። «አየሽው? አየሽው እንዴት እንደ ሠሩት?» ይለኛል። እኔ ሙት አያለሁ፤ እሱ ሥራ ያያል።

ፊልሙ እስኪቀየር ድረስ ተመላለሰ። የሲኒማውን ማሽን የሚያሽከረክረው ከወገኖቹ ጋር ሳይመለስ የቀረ ጣሊያን ነበርና፣ እሱን ወዳጅ አድርጎ ምሥጢሩን ጠየቀው። ጣሊያኑ እንዳለው ይህን ሙያ የጀመሩት በየመድረኩ ምትሃት የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው። ከነሱ አንዱ መንገድ ላይ ሲያነሣ ፊልሙ ማሽኑ ውስጥ ይያዝበታል፤ እስኪያላቅቀው መንገዱ ላይ የነበረው ጋሪ አልፎ ሌላ ጋሪ ይመጣል። በኋላ ፊልሙን ሲያየው አንዱ ጋሪ ድንገት ሌላውን ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሰው እየሰወሩ፣ ሰው እያባዙ፣ ሙት እያስነሡ ኖሩ። ባሌ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። እኔ ደግሞ «በብልሽት የተጀመረ ሥራ መጨረሻው ምን ይሆን?» አልኩት። «የቄስ ልጅ!» ብሎ ሳቀብኝ።

የሙቱን ነገርም አስረዳኝ። ጥቁር ነገር ፊልም ላይ ምልክት አይተውም። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ቤት ያነሡታል፤ ቀጥለው ያንኑ ፊልም መልሰው ሰውዬውን በጥቁር መጋረጃ ፊት ያነሡበታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰውዬው ወንበሩ እየታየበት ይሄዳል። ከበስተኋላው የነበረው ቦታ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ግን እንደ ማናችንም ድፍን ሆኖ ይታይ ነበር። መፈተኛው እኔ ሆንኩ። የካሜራውን ዓይን ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ በቀኝ አስቀምጦ አነሣኝ፤ ከዚያ ካርቶኑን አዙሮ፣ ቀሚሴን አስለውጦ፣ በግራ አስቀመጠኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከራሴ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አባቴ ፎቶውን ትክ ብለው አይተው «የኔ ልጅ የትኛዋ ናት?» አሉ። ሳቅን። በኋላ ብቻዬን ሳየው ግን በግራ ያለችው እኔን አልመሰለችኝም፤ በዕድሜ ትንሽ የገፋች፣ አንድ ነገር የምታውቅ ትመስል ነበር። ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ እኒያ እናት መጡ። ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል በጭነት መኪና ተሳፍረው የመጡ ባላገር ናቸው፤ ቁመተ ረዥም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ባሕር ማዶ ዘምቷል። ከመሄዱ በፊት እኛ ቤት ተነሥቶ ያቺን ፎቶ ለእናቱ ልኮ ነበር። ከዘመተ ወዲህ ግን ወሬው ጠፋ። ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ የለም፤ ሞተ የሚልም አየሁት የሚልም ጠፋ።

በእኛ አገር ሰው በሩቅ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ በምስሉ ይለቀስለታል። ልብሱን፣ ጠመንጃውን ወደ ለቅሶው ሜዳ ያወጡና በእንጨትና በጨርቅ ምስሉን ሠርተው፣ እሱን ከበው ደረት ይመታሉ። ያ ከሆነ በኋላ ሰውዬው ሞቷል፤ ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለም። ዘመዶቻቸው ልብሱን አውጪ እያሉ ወጥረው ይዘዋቸዋል።

«እንዴት ልጄን በቁሙ እቀብረዋለሁ?» አሉ እናቲቱ ባሌን። «አልተለቀሰለትም፤ አይለቀስለትም። ከጎኔ አቁመህ አንሣልኝ። ግድግዳዬ ላይ ስሰቅለው አፋቸውን ይይዛሉ።»

ባሌ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እናቲቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከአጠገባቸው በስተቀኝ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋ። መጀመሪያ እሳቸውን ያነሣል፤ ከዚያ የልጃቸውን የድሮ ፎቶ ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ሸፍኖ፣ በዚያው በመስታወቱ ፊልም ላይ ጥቁሩ ቦታ ውስጥ ያስገባዋል። «ልጅዎ የሚቆመው እዚህ ነው» ብሎ ቦታውን በእጁ አሳያቸው። ጥፋቱ ቦታውን ማሳየቱ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? ባሌ የካሜራውን ጨርቅ ራሱ ላይ ሲያለብስ፣ እናቲቱ ቀስ ብለው ወደ ባዶው ቦታ ተጠጉ። ልጃቸው የሚቆምበት ነውና ትከሻቸውን አስጠጉለት። ነጩ ነጠላቸው ጥቁሩ ላይ ገባ።

ሳጥብ አየሁት። ወታደሩ ከእናቱ ጎን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ሸጋ ሆኖ ወጥቷል። ደረቱ ላይ ግን የእናቱ ነጠላ እጥፋቱ ሳይቀር ያልፋል፤ ጥለቱ ሆዱን አቋርጦ ይሄዳል። ባሌን ጠርቼ «ይህን አትስጣቸው፤ ድገመው» አልኩት። እሱም ሊደግመው ነበር፤ ግን እናቲቱ ከበሩ ላይ አይተውት ነበርና ከእጄ ወሰዱት። ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት። «እንደገና እናንሣው» ብንላቸው ማን ይሰማናል? «ከጎኔ ቆሞልኝ! ደሞ ምን ልትጨምሩለት?» ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሸፍነውት ሄዱ።

ወሬውን የሰማሁት ለገበያ ከመጣች የዚያው አገር ሴት ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ይመጣል። ከመጡት መካከል ጎንደር ወርደው ያንን ፊልም ያዩ ነበሩ። ሙት እንዴት እንደሚታይ እነሱ ያውቃሉ፤ በዓይናቸው አይተዋል! «እኛ የማናየውን ማሽኑ አየው፤ ነፍሱ መጥታ ከጎንሽ ስትቆም ያዛት» አሏቸው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልብሱ ወጣ፣ ምስሉ ተሠራ፣ ተለቀሰለት። በአርባው ተስካር ወጣለት።

ከሁሉ የባሰው እሳቸው ማመናቸው ነው። ዓለም ሲያባብላቸው ያላመኑት እናት፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለበሱ። ባሌን የዚያን ቀን የተናገርኩትን መድገም አልፈልግም። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄዶ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ይዞ፣ እንዴት እንደ ሠራው ለማስረዳት ሞከረ። «ልጄ፥ አንተማ ምን ታውቃለህ፤ እግዜር በእጅህ ሠራ እንጂ» ብለው ምሳ አብልተው ሸኙት።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከጨለማው ክፍል ብቅ ስል ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። ያንን ፊት በእጄ አጥቤዋለሁ፤ አልሳሳትም። ጮህኩ። ከኋላው ያለው መንገድ በደረቱ ውስጥ ይታይ እንደሆነ ማየቴን አልረሳውም። አልታየም።

«አይዞሽ» አለኝ ተክዞ። «ሰው ነኝ። ያየኝ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆን።»

ቆስሎ በሰው አገር ሆስፒታል ለረዥም ጊዜ ተኝቶ ነበር። ቤቱ ሲደርስ እናቱ ደጃፉ ላይ አዩት። አልሸሹም፤ አላቀፉትምም። ራቅ ብለው ተንበርክከው «ከዚያ ዓለም ደግሞ ላኩህ ልጄ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚኖረው እንደ እንግዳ ነው። የሞቱት አባቱ በዚያ ዓለም እንዴት እንዳሉ እናቱ ይጠይቁታል፤ የሞቱ ጎረቤቶችን ደኅንነት ይጠይቁታል። ፊታቸው ቁጭ ብሎ እንጀራ ቢበላ «ጌታችንም ከተነሣ በኋላ ዓሣ በልቷል» ይላሉ። ቄሱ ጠበል ቢረጩት «ጻድቅ ምን ጠበል ይፈራል?» ይላሉ። እናቱ አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ አይነኩትም። ከዚያ ዓለም በመጣ ገላ ላይ እጄን አላሳርፍም ብለዋል።

«አያ» አለው ልጁ ጩኸቴን ሰምቶ የወጣውን ባሌን፤ «የገደሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያስነሡኝ። እናቴ ቄሱንም እኔንም አታምንም። ፎቶ ግን ታምናለች። ድፍን አድርገው ከእናቴ ጋር ያንሡኝ።»

በማግሥቱ እናቱን ይዟቸው መጣ። ጥቁር ጨርቅ የለ፣ ካርቶን የለ፤ ባሌ ሁሉንም ከክፍሉ አወጣው። እናቲቱን ወንበር ላይ፣ ልጁን በቀኛቸው አደረገ። ቀኑ ደመናማ ስለሆነ የካሜራው ክዳን ትንሽ ቆየት ብሎ መከደን ነበረበት። «እንዳትነቃነቁ፤ ትንፋሽም አይሰማ» አለና ክዳኑን ከፈተ።

ልጁ እንደ ወታደር ደርቆ ቆመ፤ እንባው ግን በጉንጩ ይወርድ ጀመር። እናቲቱ በዓይናቸው ጥግ አዩት። ያን ጊዜ እናት ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ጠፋባቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጉንጩን ጠረጉለት፤ ጣታቸው አንገቱ ላይ አረፈ። አረፈና እዚያው ቀረ። ልጁ ግን እንዳይበላሽበት ፈርቶ አልተነቃነቀም። ባሌ ክዳኑን ከደነ።

«ትኩስ ነህ» አሉት። «ገላህ ትኩስ ነው።» እኔ አለቀስኩ፤ ተረፈ ብዬ አለቀስኩ።

ፎቶውን አጠብኩት። ልጁ ድፍን ሆኖ ወጣ፤ የልብሱ ቁልፎች እንኳ ይቆጠራሉ። እናቲቱ ግን ክዳኑ ሳይከደን ከወንበሩ ስለ ተነሡ፣ የወንበሩ መደገፊያ በሰውነታቸው ውስጥ ይታያል። ቆመው ሳሉ የወጣው ወደ ልጃቸው የተዘረጋች አንዲት ጢስ መሳይ እጅ ብቻ ናት። ልደብቀው አሰብኩ። ወታደሩ ግን መጋረጃውን ገልጦ ገባና፣ ገና በቅጡ ሳያየው ወረቀቱን ከውኃው አውጥቶ ሊያሳያቸው ሮጠ።

እናቲቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ እንዲህ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲያስ የሞትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ አይደለህም። ተመስገን፤ ተመስገን ጌታዬ! ምነው ሳትነግሩኝ ይኸን ሁሉ ዘመን?» እልልታቸውን አቀለጡት።

ባሌ ሊደግመው ወደ ካሜራው ሲሄድ ልጁ ክንዱን ያዘው። «ይብቃ አያ» አለው። «እንደዚህ ሆና ታቅፈኝ።» እውነትም አቅፈውት ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ደረቱ ላይ ጠምጥመው።

እስከ መኪናው ድረስ ሸኘናቸው። ተሳፋሪው ሲጋፋ እናቲቱ ወደ ኋላ ቀሩና ልጃቸውን ቀስ ብለው ጠየቁት።

«እኔም እሳፈር ይሆን?»

«ከጎኔ ትቀመጫለሽ» አላቸው።