የተቆረጠው ነጭና አረንጓዴ ሽቦ

ባሕር ዳር፣ ሐሙስ ጠዋት

መናኸሪያ የደረስሁት ከሚኒባሱ ረዳት በፊት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መበየጃ፣ የመሞከሪያ ዕቃና አንድ ቅያሪ ልብስ አለ። የጥርስ ብሩሼን ረስቻለሁ። ሌላም የረሳሁት ነገር ነበር፤ እሱን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እንዲህ ያጣደፈኝ የዲያቆን ጥበቡ ስልክ ነው። ጥበቡ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ይማራል፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። "የኔታ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበሩን እለቃለሁ ብለዋል" አለኝ። "ሳጥኑ ሞቶባቸው ነው። ቻርጅ አልቀበል ካለ ሰነበተ።"

ሳጥን የሚለው በወርክሾፓችን የሠራነውን የመስሚያ መሣሪያ ነው። አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ድምፅ አጉልቶ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማል። ንድፉ የእኔ ነው። የየኔታ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ቅኔ ደግሞ በወረቀት አይታረምም። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለት በልቡ አዘጋጅቶ፣ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩ ሰምቶ እዚያው ያቃናል። ባለፈው ክረምት ሳጥኑን ስሰጣቸው "ጆሮዬ ከተሰደደበት ተመለሰ" ብለው መርቀውኝ ነበር። የመረቀኝ ሰው በእኔ ሥራ ምክንያት ወንበሩን ሲለቅ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ዳንግላን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ እግሬን ያዘው። እግሬ ግን ከብርዱ በፊትም አላረፈም፤ መቀመጥ አልችልበትም። አጠገቤ ያሉት እናት ጉልበቴን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው፣ "አንች ልጅ፣ መኪናውን የምትነጅው አንች ነሽ እንዴ?" አሉኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እስከ ቡሬ ድረስ በየመሐሉ እየያዙ አሳረፉኝ።

ቡሬ

ቡሬ የነቀምቱ መንገድ የሚገነጠልባት፣ የበቆሎና የበርበሬ ጆንያ የጫነ መኪና የማታጣ ከተማ ናት። አልጋ ይዤ ወዲያው ወጣሁና ከመንገድ ዳር ሱቆች ያገኘሁትን የቻርጀር ዓይነት ሁሉ ለቀምሁ። ከዚያ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ የጾም ሽሮ አዘዝሁ፤ ማከፋፈያ ለምኜም የያዝሁትን ድምፅ ማጉያ የሌለው የመሞከሪያ ሳጥን በየተራ እሰካባቸው ጀመር። አስተናጋጇ ቆማ ታየኛለች። "ነጋዴ ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አይደለሁም፤ ጠጋኝ ነኝ" ብላት አላመነችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ቀዩና ጥቁሩ ኃይል ያመላልሳሉ፣ ነጩና አረንጓዴው መረጃ። የእኛ ሳጥን መሰኪያው አዲሱ ታይፕ ሲ ነው፤ ሰው እጅ ላይ ያለው ቻርጀር ግን አብዛኛው የድሮው ዓይነት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሲሰካ በነጩና በአረንጓዴው በኩል "ማን ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ሽቦዎች ቻርጀሩ ውስጥ እርስ በርስ ተገናኝተው ካገኛቸው የግድግዳ ቻርጀር መሆኑን ያውቅና እንደ ልቡ ይጠጣል። ኮምፒውተር ከሆነ በልክ ይጠጣል። እስኪያውቅ ድረስ ቀይ ያበራል፣ መጠጣት ሲጀምር አረንጓዴ።

የቡሬ ቻርጀሮች ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ አረንጓዴ አበሩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። ያልተሰበረ ነገር እንዴት ይጠገናል? ሽሮው ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

ከማንኩሳ ወደ ውስጥ፣ ዓርብ

ከማንኩሳ ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ ወሰደኝ፤ የቀረውን ከጥበቡ ጋር በእግር ሄድን። ጤፉ ተከምሯል፣ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። እኔ እያስነጠስሁ እሮጣለሁ፣ ጥበቡ ከኋላዬ ጋቢውን እየሰበሰበ ይከተላል። "እቱ፣ ደብሩ የትም አይሄድም እኮ" አለኝ።

የኔታ ዋንዛ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። "የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አልሁ ጮክ ብዬ። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና "ይበል" አሉኝ። ይበል ለሠመረ ቅኔ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ ለሰላምታ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ጥበቡን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እንዳልሰሙኝ ገባኝ።

መንደሩ መብራት የለውም። ስልክም ሳጥንም የሚሞላው አያ ምንውየለት ቤት ነው፤ ጣሪያቸው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ አላቸው። አያ ምንውየለት አውድማ ስለነበሩ ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልን። ግድግዳው ላይ በየምስማሩ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ የየኔታ የሆነውም አንዱ ነው። ከየኔታ የተቀበልሁትን ሳጥን ሰካሁበት። ቀይ። ጠበቅሁ። ቀይ። ገመዱ መሐሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። በመለኪያዬ ሳየው ነጩና አረንጓዴው ተበጥሰዋል፣ ቀዩና ጥቁሩ ደህና ናቸው። ገጠር ያልተበጠሰ ገመድ የት አለ ብዬ አላደነቅሁም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። የራሴን ገመድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁ። አረንጓዴ!

ለባለቤትየዋ "ይሄ የየኔታ ነው፤ እንዳይነቀል" ብዬ አደራ ሰጥቼ፣ ለየኔታም በምልክት ተሰናብቼ፣ የማታውን መኪና ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ወረድሁ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ስላጣሁ የጠዋቱን መኪና ከመነሻው ለመያዝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አደርሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ

የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቅዳሜ ገበያተኛውን ከነዶሮው ያስተናግዳል። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስቁነጠነጥ ጥበቡ ደወለ። "ቀይ ነው" አለኝ።

"ምን ማለት ነው ቀይ ነው?"

"አያ ምንውየለት ማታ ከአውድማ ሲመለሱ እንግዳ ገመድ አዩ። ስልኩን ሊወስድ በመጣው ሰው ፊት ቆረጡት።"

ረዳቱ የከፈልሁትን አልመልስም ብሎ ሲጨቃጨቅ ትቼለት ወረድሁ። ማንኩሳ እስክደርስ ድረስ አያ ምንውየለትን በልቤ ያልሰደብሁት ስድብ የለም።

ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሰንጢ እየጠረጉ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቁጣዬን እስክጨርስ ሰምተው መቀመጫ አስመጡልኝ። አልተቀመጥሁም።

"ከጥቅምት ወዲህ ነው" አሉ። "አንድ እንግዳ ዘፈን እጭናለሁ ብሎ እዚህ ቤት ውሎ፣ በዚህ ገመድ የአንዲት ሙሽራን ፎቶ ከስልኳ ቀዳ። እስከ ቡሬ ተበተነ። ልጅቱ ከቤት መውጣት ጠላች። ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ ቤቱን ከፍቶ ነው የሚሰጠኝ። ነጩና አረንጓዴው የወሬ ሽቦ ነው ብለው ነገሩኝ። ዛዲያ እኔ ቤት የሚገባ ገመድ ሁሉ በሰው ፊት ይቆረጣል፤ የየኔታም፣ ያንችም።"

"ሳጥኑ ላይ ምንም ፎቶ የለም እኮ፣ አያ!"

"የለም ብየ ለአንዱ ብተው፣ ለሌላው ምን ብየ እቆርጣለሁ?"

ያን ጊዜ ተቀመጥሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጣደፍ።

ተቀምጬ ሳስበው ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አልነበረም። ስልኮቹ በዚያው በተቆረጠ ገመድ ይሞላሉ፣ ቀስ ብለውም ቢሆን። ስልክ መልስ ሲያጣ ጥቂት ጠብቆ ያለውን ይወስዳል። ደንቡም እንደዚያ ነው፤ መልስ ለመጠበቅ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ገደብ አለው። እኔ ግን ያንን ገደብ ከሳጥኑ ውስጥ አውጥቼዋለሁ፤ ሰው መሰኪያውን ዘገም ብሎ ሲያስገባ መሣሪያው ኮምፒውተሩን ከቻርጀር እያምታታ ስላስቸገረኝ። ስለዚህ ሳጥኑ ኃይል ደጁ ላይ መቆሙን እያወቀ፣ "ማን ነህ?" ብሎ ጠይቆ፣ ለዘላለም መልስ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ መጠበቅ የማልችለው ሰው መሰልቸት የማያውቅ ዕቃ ሠርቻለሁ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያውም አፈርሁ።

ፕሮግራሙን እዚያው ልለውጠው ቦርሳዬን ፈታሁ። ያኔ ነው ሁለተኛውን የረሳሁትን ነገር ያወቅሁት፤ ፕሮግራም መጫኛው ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እያለች ነው፣ ነገ እሁድ ነው።

ከዚያ የተቆረጠውን ገመዴን አንስቼ አየሁት። ሳጥኑ የሚፈልገው ነጩና አረንጓዴው ተገናኝተው ማግኘት ነው፤ የትም ይገናኙ። በሳጥኑ በኩል የቀሩትን ሁለቱን ጫፎች ልጬ እርስ በርስ ጠመዘዝኋቸው፤ ወደ ግድግዳው የሚሄዱትን ግን እንደተቆረጡ ተውኋቸው። "ወሬ አያልፍም፣ አያ። እነዚህ ሁለቱ የተያያዙት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው" አልኋቸው።

"እንዴት አውቃለሁ?"

የራሳቸውን ስልክ በዚያ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ስልኩ ይሞላል፤ ላፕቶፑ ግን ስልክ መኖሩንም አላወቀም። ደጅ የቆሙትን ሰዎች ጠርተው ሁሉንም አሳይዋቸው አሉኝ። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ስክሪን አየ። ከዚያ ሳጥኑን ራሳቸው አያ ምንውየለት ሰኩት። አረንጓዴ ሲሆን ሰንጢያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

እሁድ፣ ዋንዛው ሥር

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ ስንብት ሊሰሙ ነው የመጡት። ከጎኔ የቆሙትን አንድ ቄስ ወንበሩ ለማን እንደሚተላለፍ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ጥበቡን አሳዩኝ። ወንበሩ የሚደርሰው ለእሱ ነበር፤ የደወለልኝም እሱ ነው።

የኔታ ሳጥኑን አንገታቸው ላይ አጥልቀዋል። "ከመናገሬ በፊት" አሉ፣ "ጥበቡ የቆጠረውን ይንገረኝ።"

ጥበቡ ቆሞ ጉባኤ ቃና ነገረ፤ ሁለት ቤት ናት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሰው ሁሉ ይበል የሚለውን ቃል ጠበቀ። ለሳምንታት የተነገራቸውን ሳይሰሙ ሁሉንም ይበል ሲሉ ነበርና።

"ተመለስ" አሉ። "ሁለተኛው ቤት ቀለም በዝቶበታል፣ ከልኩ አልፏል። ሂድና እንደገና ቍጠር።"

ጥበቡ አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። እየሳቀ ነው ብዬ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መሆኑን አየሁ። ከኋላው ያሉት ተማሪዎች እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም እያሉ ይጋፉ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ስለ ስንብት ማንም ሳያነሣ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ።

ባሕር ዳር

በመመለሻው መንገድ እግሬ አልተንቀጠቀጠም አልልም፤ ተንቀጥቅጧል። ወርክሾፕ እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ ገደቡን መልሼ አስገባሁ። ከእንግዲህ ሳጥናችን ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልስ ካጣ የተሰጠውን በልክ ይወስዳል። ዝም ያለ ሁሉ እምቢ ያለ እንዳልሆነ የተማርሁት ከሽቦው ብቻ አይደለም፤ አያ ምንውየለትን ዓርብ ዕለት አውድማ ድረስ ሄጄ ብጠይቃቸው ኖሮ ሁሉንም ይነግሩኝ ነበር።

ዛሬ ለጥበቡ ደወልሁ። ሳጥኑ እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው አረንጓዴ መሆኑን ነገረኝ። "የኔታስ? ዛሬ ማንን ይበል አሉ?" አልሁት።

"ማንንም" አለኝ፤ ድምፁ በደስታ ተሞልቶ ነበር።