ነጭ ሳሪ የለበሰችው ጣውንቴ

ሙሽራ ሆኜ ባለቤቴ ቤት ስገባ ቀድማኝ የገባች ሴት ነበረች። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ፣ በፖስት ካርድ ልክ፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጋ፣ ዓይኗን ተኩላ ትስቃለች። የህንድ ፊልም ተዋናይት ናት። ባለቤቴ በጎረምሳነቱ መርካቶ አጠገብ ከነበረ ሲኒማ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተጋፍቶ እየገባ፣ አንድ ቃል ሳይገባው አብሯት ሲያለቅስ ነው ያደገው። ጣውንት አለብኝ ብዬ ለሚዜዎቼ ስነግራቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በሳምንቱ ፎቶዋን ከግድግዳው አንስቼ ቁም ሳጥኑ ስር ከተትኩት። የት ሄደች ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አሳረረኝ፤ ያልጠየቀው በልቡ ይዟት ነው ብዬ።

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ስንገባ አገር ቤት ትተናት የመጣን መስሎኝ ነበር። የት ትቀራለች። ዌስት ፉትስክሬይ የተከራየነው ቤት ፊት ለፊት የህንድ ቅመም ሱቅ አለ፤ ከሩዙ ጆንያ ጀርባ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ የድሮ ፊልም ዲቪዲ። ባለቤቴ ታክሲ መንዳቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያንን መደርደሪያ እንደ ደብር ይሳለመው ጀመር። እኔ ከአረጋውያን መጦሪያው ሺፍቴን ጨርሼ፣ የሰው እናትና አባት ሳጥብና ሳበላ ውዬ ወገቤን ይዤ ስገባ፣ እሷ ሳሎኔ ውስጥ በዝናብ ረጥባ ትዘፍናለች። እሱም አብሯት ያንጎራጉራል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ይባል የለ።

ሜልተን ለምትኖረው ልጃችን በስልክ ብሶቴን ብነግራት «ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለችኝና እሷም ሳቀች። ስንት ሰው ይሳቅብኝ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን መነጽሩ ነበር። ባለቤቴ ያለ መነጽር ከሁለት እርምጃ ወዲያ የሰው ፊት አይለይም። ተዋናይቷ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትመጣ ስትል በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ያደርገዋል። እኔ ሳናግረው ያወልቀዋል። ልማድ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ስንት ዓመት ሙሉ እሷን አጥርቶ፣ እኔን በጭጋግ። ፀጉሬን ሂና ስቀባም፣ ሰልችቶኝ ሽበቴን ስለቀውም አንድ ቀን ልብ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሄል ልገዛ ወደዚያ ሱቅ ተሻገርኩ። ባለሱቁ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ «አንቲ»፣ አክስቴ እንደ ማለት፣ እያለ የሚጠራ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው።

«አንቲ፣ ባለቤትሽ ይህችን ተዋናይት በጣም ይወዳታል» አለኝ የአንዱን ዲቪዲ ሽፋን እያሳየኝ።

«አዎ፣ እኔን ረስቶ» አልኩት።

«አሁንም እኮ ትሠራለች» አለና ሥራዋን ከጅምሩ ይተርክልኝ ጀመር። መጀመሪያ ወንዶች የሚደባደቡባት ኮረዳ ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ታላቅ እህት አደረጓት፤ ከዚያ የወንድም ሚስት፤ ከዚያ ነጭ ሳሪ የለበሰች ባሏ የሞተባት እናት። በአንዱ ፊልም በፍቅሯ ያበደው ተዋናይ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጇ ሆኖ መጣ። «እሱ ዛሬም ከወጣት ሴቶች ጋር ዛፍ እየዞረ ይዘፍናል፤ እሷ ግን አሁን አያት ናት» አለኝ።

«አርጅታለች?»

«በጣም።»

እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ባለቤቴ ለካ የሚገዛው የወጣትነቷን ብቻ ነው። እንግዲያው ያረጀችበትን ስጠኝ አልኩት። ያመጣልኝን ሽፋኑን እያየሁ «ከዚህ የባሰ ያረጀችበት የለም?» ብዬ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳችንን በላንና ስጦታ አለህ ብዬ ዲቪዲውን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩ። መነጽሩን ወልውሎ አደረገና ተመቻችቶ ተቀመጠ። እኔ የማየው ፊልሙን ሳይሆን የሱን ፊት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ።

«እሷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«መጥታለች እኮ። በሩ ላይ የቆመችው።»

አንገቱን አስግጎ አየ። «ይቺ እሷ አይደለችም» አለ።

እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የለፋሁት ለዚህ ነው። ግን ዞር ብዬ አየኋት። ለልጇ ምግብ አቅርባለች፤ ልጁ ቆሞ አንድ ቃል ተናግሯት ወጣ፤ እሷ ሳህኑን መልሳ ከደነችው። እጇ ደም ስሩ ተገታትሯል። ካሜራው ወዲያው ትቷት ልጁን ተከትሎ ወጣ። ደሜ ፈላ።

«እሷ ናት» አልኩት።

«አይደለችም። እሷ እንዲህ አትሆንም።»

ካሜራው ሲመለስላት ጠቆምኩት። «እሷ ናት አልኩህ። አገጯን እየው። ልትስቅ ስትል የታችኛውን ከንፈሯን የምትነክሰውን እየው፤ በዝናቡ ዘፈን ላይ የምታደርገው አይደለም?»

የተናገርኩትን ራሴ ሰማሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠላት፣ ከሱ ይልቅ ያጠናኋት እኔ ኖሬያለሁ።

እሱ ግን ሪሞቱን አንስቶ ሊያጠፋት ሆነ። እጁን ያዝኩት።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ ምን?» አለና እንደ ልማዱ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

መነጽሩን ተቀበልኩት። በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩና አፍንጫው ላይ መልሼ አስቀመጥኩለት።

«አሁን እየኝ» አልኩት።

አየኝ። ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ ሳይቸኩል፣ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ። ከኋላዬ እሷ በህንድኛ ልጇን ትጣራለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ እንዲያየኝ ስመኝ ኖሬ፣ ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ።