የልባሞቹ ላምባ

ስዩም መካኒክ ነው። መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጅና አይሱዙ ሲፈታ ይውላል፤ እሑድ ደግሞ የእጁን ግራሶ በኦሞ ፈትጎ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ያስተምራል። ሲያስተምር ታዲያ ያለ ዕቃ አይሆንለትም። እምነት ያለ ምግባር ምን እንደሚመስል ላሳይ ብሎ የሞተ ባትሪ ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። መሪጌታው «አንተ ሰውዬ፣ አዳራሹን ጋራዥ አደረግኸው እኮ» እያሉ ይተርቡታል። እሱ ግን «ልጅ ያየውን አይረሳም» ባይ ነው። እውነቱን ነው፣ አይረሳም። ምነው በረሳ ኖሮ።

ጦርነቱ መርሳ ሊገባ ሰሞን ያመጣው ኩራዝ ነበር። ሙሽራውን የሚጠብቁትን የአሥሩን ደናግል ታሪክ ሊያስተምር አሥር ሴት ልጆች አሰለፈ፤ ለአምስቱ ላምባ የሞላ ኩራዝ፣ ለአምስቱ ባዶውን ሰጠ። ባዶዎቹ «ስጡን» ይላሉ። ልባሞቹ «ብንሰጣችሁ ለእኛም አይተርፍም፤ ሂዱና ከሱቅ ግዙ» ይላሉ። የልባሞቹ አውራ የአለሚቱ ልጅ ፌቨን ነበረች፤ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ከሱቅ ግዙ» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሀል ሰዓቱ አለቀ። ትርጉሙን፣ ዘይቱ ምጽዋት መሆኑን፣ ሲሰጡት የሚሞላ እንጂ የሚጎድል አለመሆኑን፣ ስዩም ለሚቀጥለው እሑድ አቆየው።

የሚቀጥለው እሑድ ከየት ይምጣ። ተኩሱ ደረሰ፣ መብራት ጠፋ፣ ሱቁ ሁሉ ተከረቸመ፣ ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ። በዚያ መሀል ከፌቨን ቤት በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የሽንኩርት ነጋዴው የረዲ ሚስት፣ ቶይባ፣ ምጥ ያዛት። እናትም ልጅም አልተረፉም። ስዩም ከቅሬው፣ ከሙስሊሞቹ ዕድር፣ ሰው ጋር ሄዶ መቃብር ቆፈረ። ረዲ የዚያን ዕለት «ጨለማው ነው የገደለብኝ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም።

ወራት አልፈው ተኩሱ ሲርቅ ልጆቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ፌቨን ከሁሉ ቀድማ ወደ ስዩም ሮጠች።

«ጋሼ፣ እኔኮ ልባም ሆንኩ።»

«እንዴት ሆነሽ?»

«ያኔ በተኩሱ ጊዜ፣ ሲመሻሽ ነው፣ እማዬ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ። ጋሽ ረዲ ላምባ ስጭኝ ብለው መጡ። ጠርሙሱ ውስጥ ነበረ፤ ግን አልሰጠኋቸውም። ይሂዱና ከሱቅ ይግዙ አልኳቸው። ጎበዝ አይደለሁም?»

ስዩም ረዲ በቀብሩ ዕለት «ጨለማው ነው የገደለብኝ» ያለው ትዝ አለው። ልጅቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እውነቱን ቢነግራት ዕድሜ ልኳን ሰው ገደልኩ ስትል ልትኖር ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ነገም ሌላ ሰው ደጇ ላይ ይቆማል።

«ጎበዝ» አላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ጎበዝ አላት። «ከእንግዲህ ግን ለለመነሽ ሁሉ ስጪ። ያ ጨዋታ ነበር።»

በማግስቱ ረዲ ዘንድ ሄደ። ረዲ ደጁ ላይ ተቀምጦ የበሰበሰ ሽንኩርት እየለየ ነበር።

«ረዲ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ረዲ ቀና ብሎ አላየውም። «አውቃለሁ» አለ። «በግድግዳው ማዶ ስትለማመድ እንሰማት ነበር። ቶይባ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሴት ከወለድኩ እንደዚች ምላሰኛ ትሁንልኝ ትል ነበር።»

ስዩም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ረዲ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው፤ ሐዘንተኛው እሱ ሆኖ አጽናኙም እሱ ሆነ። «አላህ የጻፈው ነው» አለው። «ለልጅቷ ግን እንዳትነግራት። አደራህን።»

ስዩም ዛሬም ያስተምራል። የአሥሩን ደናግል ትርጉም ግን እስካሁን ከአፉ አልወጣም፤ ዘይቱ ምጽዋት ነው ብሎ አንዴ ከተናገረ ፌቨን ቀሪውን ራሷ ትደርስበታለች። እሷ ደግሞ አትረሳም።

«ጋሼ፣ የዘይቱን ትርጉም ለሚቀጥለው እሑድ ብለው ነበር እኮ።»

«ስታድጊ እነግርሻለሁ» ይላታል።

ዘንድሮ በቁመት ትከሻው ላይ ደርሳለች።