የኤምባሲው መልስ በምክር ቤት ፊት

ከአምቦ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በከንቲባ ጽሕፈት ቤት ተርጓሚ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ ኃላፊዬ ኦቦ ዳባ ወንበሬን አሳዩኝና «እዚህ ቤት ቋንቋ ማወቅ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ አፍ መያዝ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም የምችል መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ወደ ኦሮምኛ መመለስ፣ የእኛን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የኤምባሲ ደብዳቤ ነበር። ሰላምታው ረጅም፣ ምስጋናው ብዙ፤ ጉዳዩን ግን ፈልገህ አታገኘውም።

አንድ ኤምባሲ ለዳርቻው ቀበሌ የውኃ ጉድጓድ እንዲያስቆፍርልን ጠይቀን ነበር። የቀበሌው ተመራጭ አዴ ጫልቱ፣ ቅቤ የሚነግዱ ቆፍጣና ሴት፣ በየስብሰባው እየተነሱ «ውኃችን የት ደረሰ?» ይላሉ። ኦቦ ዳባም ሁልጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ይላሉ። የቀበሌው ሴቶች ግን ከሩቅ ወንዝ መቅዳታቸውን አልተዉም።

በመጨረሻ የአዴ ጫልቱ ትዕግሥት አለቀ። ከኤምባሲው ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ ለምክር ቤቱ ይቅረብ አሉ። ኦቦ ዳባ «የዲፕሎማሲ ደብዳቤ በአደባባይ አይነበብም፤ ሰዎቹ ይቀየሙናል» ብለው ተከራከሩ። አፈ ጉባኤው ግን «የጠየቅነው በሕዝብ ስም ነው፤ መልሱንም ሕዝብ ይስማው» ብለው ቆረጡ።

ከስብሰባው በፊት ኦቦ ዳባ ጠሩኝ። «የኤምባሲውን መልስ ጨመቅ አድርግና፣ ውይይቱ በመልካም መንፈስ ቀጥሏል ብለህ እለፈው።» ፈራሁ። እንጀራዬ በእጃቸው ነው።

ቢሆንም ከዓመት በፊት የመጣውን ደብዳቤ ቃል በቃል አነበብኩት። «የተከበረ ጥያቄያችሁን በታላቅ ደስታ ተቀብለናል፤ ሁኔታዎች ሲመቻቹ በልዩ ትኩረት እንመለከተዋለን።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀድመው ያጨበጨቡት ኦቦ ዳባ ናቸው።

አዴ ጫልቱ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጭብጨባው ይቆየኝ። ሰጡን ወይስ ከለከሉን?»

ወደ ኦቦ ዳባ ዞርኩ፤ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እኔው መለስኩ።

«አዴ፣ ሽማግሌ ልከን፣ የልጅቷ አባት በጠጅ ተቀብሎ ‹ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን› ብሎ ቢሸኘን፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ድምፁ ቢጠፋ፣ ምን እንላለን?»

አንድ ሽማግሌ ተመራጭ ከኋላ «ልጅቷማ ተድራለች!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዴ ጫልቱም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ሴቶቹን ቆዩ ያልኳቸው ምን ይዤ ነው?»

የሳቁት ሁሉ አቀረቀሩ። እኔም አፈርኩ፤ በቀልዴ ሳይሆን በመሥሪያ ቤታችን።

ስንወጣ ኦቦ ዳባ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «እኔም ከመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «የአዴ ጫልቱን ፊት እያየሁ የለም ማለት አቃተኝ።»

አዴ ጫልቱ በዚያው ቀን ሄደው ለሰፈሩ ቁርጡን ነገሩ። ብዙ ተሰደቡ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን የቀበሌው ሰው ከዳገቱ ሥር ያለውን ምንጭ ለማጎልበት ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ተርጉሜያለሁ። የለም የተባለ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል። ቆይ የተባለው ግን ደጅ ላይ ይቀራል።