ባሕሩ ላይ የምለቃቸው ጀልባዎች

የዩኒቨርሲቲ ጥናቴ የጥንት ሰዎች ቀይ ባሕርን በታንኳ ተሻግረው የመን መግባት ይችሉ እንደሆነ ማየት ነው። ነፋሱንና ማዕበሉን ለኮምፒውተሩ እሰጠዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ከጅቡቲ ዳርቻ ብዙ ታንኳ እለቃለሁ፣ ከዚያ የቱ እንደደረሰ የቱ እንደቀረ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዷ ከደረሰችልኝ "ይቻል ነበር" ብዬ እጽፋለሁ። ስለቀሩት ማን ይጨነቃል!

ከጀውሃ በጭነት መኪና የወጣው ታናሽ ወንድሜ ከዚያው ዳርቻ ደወለ። "ዛሬ ልንሻገር ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ" አለን። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። የወሰደው ደላላም የውሃ ሽታ ሆነ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወሬ አይደበቅም። ሸሁ አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ቤታችን መጡና አባቴን፣ "መሞቱ ቁርጥ ከሆነ፣ አስከሬኑ ባይኖርም የጀናዛ ሶላት እንስገድበት፤ ልጁን እንዲህ አንጠልጥላችሁ አታስቀሩት" አሉት። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ባሕሩን ታውቂዋለሽ። ሞቷል ካልሽ ይሰገድበታል።"

ያ ረቢ! እኔ እኮ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው የሮቢን ወንዝ ነው። ግን አባቴን እምቢ ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ ልሻገር ነው ያለበትን ቀን ነፋስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ። ታንኳውን በሞተር ጀልባ ቀየርኩ፣ ሰው ከመጠን በላይ ሲጫንባት በምን ዓይነት ማዕበል እንደምትገለበጥም ጨመርኩበት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ ታራግብልኛለች። ጀልባዎቹ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆነው ወጡ፤ መሐል ሲደርሱ አንድ በአንድ ጠፉ። የመን ዳር የደረሰችው አንዷ ብቻ ናት።

"ይቺስ ምንድናት?" አለች እናቴ።

"የደረሰች ናት፣ እማ።"

"በቃ! ልጄ እሷ ላይ ነው።" ብድግ ብላ አባቴ ወዳለበት ጓሮ ወጣች። "አይሰገድም! ደርሷል!" ስትለው ሰማሁ።

ሌሎቹስ፣ እማ? ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለመምህሬ አንዷ ትበቃለች ስል የኖርኩ ሴት፣ እናቴን ምን ብዬ ልከራከራት? አባቴም ሶላቱን ተወው።

አሁን መብራት ካለ እናቴ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። "እስቲ ልቀቂያቸው" ትለኛለች። ኮምፒውተሩ ማዕበሉን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሚለዋውጠው፣ አንዳንዴ አንዷ ትደርሳለች፣ አንዳንዴ ሁለት። እናቴ አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ትናንት አንዷም አልደረሰችም። ባዶውን ዳርቻ አፍጥጣ አየችው። እኔም ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋችው።

"አባትሽ እንዳይሰማ" አለችኝ፤ "እንደገና ልቀቂ።"