የሐይቁ ነፋስና የወንድሜ ሳር ቤት

በሶዶ ከተማ የሬዲዮ የአየር ትንበያ አምናለሁ ብሎ በአደባባይ መናገር የአእምሮ መዳከም ምልክት ነው። ሰው ስለ ፓስተሩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለሚደግፈው የኳስ ቡድን የፈለገውን ቢያምን ማንም አይስቅበትም። ነገ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይኖራል ብሎ ሲያምን ግን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ዞር ብሎ ያየዋል። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስቅበትን ነገር ጠጋ ብዬ የማየት አመል አለብኝ። ይህ አመል ወዳጅ አያበዛም፤ አልፎ አልፎ ግን ይክሳል።

በግቢዬ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን የተከራየችው ወጣት ከጎጃም ተመድባ የመጣች የአየር ጠባይ ባለሙያ ናት። ጠዋት ጠዋት በአካባቢው ሬዲዮ ትንበያውን በአማርኛ ታነባለች፤ ቀጥሎ አንድ ሰው በወላይትኛ ይደግመዋል። ከሁሉ የማደንቅላት "ሊሆን ይችላል" የምትልበትን አኳኋን ነው። አታመነታበትም፣ አታፍርበትም። የሚያውቁትን መጠን ለይቶ መናገር እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ከእሷ በፊት አልሰማሁም ነበር። እኛ አገር ማይክሮፎን የያዘ ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነው። ስለ ዓለም ፍጻሜ እንኳ "ይመስለኛል" የሚል አይገኝም። የከተማው ሰው ግን የሚያሾፍባት በዚያችው ቃል ነው። "ሊዘንብ ይችላል ማለትማ እኔም እችላለሁ" ይላል የሰፈራችን ባለሱቅ፣ በዚህ ዓይነት ጥበብ አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ ሰው።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "ነገ ከሰዓት በኋላ ከዓባያ ሐይቅ ዳርቻ የሚነሳ ጠንካራ ነፋስ ወደ ሁምቦ ተዳፋቶች ሊዘልቅ ይችላል። ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ ከገሱባ እስከ ቦምቤ ባለው አካባቢ ደረቁ ሁኔታ ይቀጥላል። በሜዳ ላይ እሳት ከማንደድ መቆጠብ ይመከራል።"

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው የሁምቦ ተዳፋት ላይ ነው። በማግስቱ ደግሞ፣ ቅዳሜ፣ ደቦ ጠርቷል፤ በአገራችን ቋንቋ ዳጎ የምንለውን። ሥራው ከቤቱ በታች ያለውን ማሳ ከአረምና ከአሮጌ የበቆሎ አገዳ ማጽዳት ነው፤ የጸዳውን ደግሞ እዚያው ማቃጠል። ከማሳው በላይ እንሰቱ አለ። ከእንሰቱ በላይ ቤቱ።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል። አባታችን የሠራው ከፍ ያለ ሳር ቤት ነው፤ በመንደሩ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ቆርቆሮ እንዲያለብስ ያልመከረው የለም፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልመከርኩትም። "ቆርቆሮ ሲዘንብ ይጮኻል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይቀቅላል" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ብቻውን ቆሞ ልክ የሆነ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ ዘመዴ ሲሆን ደግሞ ከእናቴ ወገን የወረሰው ነው እላለሁ። ነገር ግን በየካቲት ያ ክዳን የደረቀ ሳር ክምር ነው፤ አንድ ፍም ይበቃዋል።

ደወልኩለት።

"ጋሼ፣ ነገ እሳት እንዳታነድ። ነፋስ ሊመጣ ይችላል።"

"ይችላል ማለት ምን ማለት ነው? ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

"ሊመጣ ይችላል።"

"ይኼ ያቺ የተከራይሽ ነገር ነው?"

"የእሷ ነው።"

"አንቺ፣ ደቦ ጠርቼ ሰው ልመልስ? ከዚያ በኋላ እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?"

ቀልዱን አልነበረም። ደቦ የጠራ ሰው ደቦ አይሰርዝም። የመጣው ሰው የራሱን ሥራ ትቶ ነው የመጣው፤ የእንስራውም የድስቱም ዝግጅት አልቋል። "ዛሬ ተመለሱ" ማለት "አላስፈለጋችሁኝም" ማለት ነው፤ እንዲህ የተባለ ጎረቤት በሚቀጥለው ጥሪ ሕመም ይይዘዋል። ይህን የምነቅፍ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አልጨረስኩትም። ለደመወዝ ሳይሆን ለመተያየት ሲል በፀሐይ የሚያጭድ ሕዝብ በመጻሕፍት እንጂ በዓይን ብዙ አይታይም።

ቅዳሜ በማለዳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ስደርስ ሰዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ወሬው ቀድሞኛል። የወንድሜ የቅርብ ጎረቤት፣ ረጅምና አፈኛ ሰው፣ ከሩቅ አየኝና ጮኸ፦

"እህትህ መጣች! ከሶዶ ነፋስ ጭና መጣች!"

"ጭነቱ ከብዷት ነው የዘገየችው" አለ ሌላው።

ወንድሜ አልሳቀም። በመሀላቸው ቆሞ ወደ ሐይቁ አየ። ሐይቁ ከታች ወተት እንደገባበት ሻይ ቀላ ብሎ ተኝቷል፤ አንድ ሽብሽብ የለበትም። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ማጨዱ የእናንተ ነው፣ ማቃጠሉ የእኔ ነው። አጭዳችሁ መሀል ማሳው ላይ ከምሩልኝ። እሳቱን ሌላ ቀን እኔው እለኩሰዋለሁ።" ማንም አልተመለሰም፣ ማንም አልተዋረደም። ይህን አረፍተ ነገር ለማግኘት ሌሊቱን እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር።

ታጨደ፣ ተከመረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማዘቅዘቅ ጀመረች፤ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ለማቃጠል ከዚያ የተሻለ ቀን በዓመት አይገኝም የሚያሰኝ ጸጥታ ነበር። አፈኛው ጎረቤት ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ነፋሱ መኪና አጣ እንዴ?"

"ጠበላ መናኸሪያ ላይ ሰልፍ ይዞ ይሆናል" አልኩት።

"ደውዪና ቀድሞ በሞላው ሚኒባስ ይሳፈር በይው!" ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ፦ "ተወው በቃ፣ አቃጥለን ሰላም እንግባ። ለሬዲዮ ብለህ ሥራ ለሁለት ትከፍላለህ?"

ሌሎቹም አጉረመረሙ። የወንድሜ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ክብሪቱ እዚያ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ፣ እውነት ለመናገር፣ እምነቴ እየሳሳ ነበር፤ እምነት በጥላ ሥር ሲቀመጡና በፀሐይ ሲቆሙ አንድ አይደለም። ወንድሜ እጁን ባዶውን አወጣ።

"አንዴ ብያለሁ" አለ። "እንብላ።"

ምግቡ የሚበስለው ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ነው። የደቦን ድስት የቤት ውስጥ ምድጃ አይችለውም፤ ስለዚህ የወንድሜ ሚስት እንደ ልማዱ ትልልቅ ድንጋዮች ጎልታ በሜዳው ላይ ማልዳ ነበር ያነደደችው። ጎደሬው እዚያ ተቀቀለ፤ ቆጮው እዚያ ተጋገረ። ከዳጣ በርበሬ ጋር ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመሰገነ። ቀኑን ሙሉ ስለ እሳት ስንከራከር ቆይተን የበላነው በእሳት የበሰለውን ነው፤ ያችን እሳት እሳት ናት ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እሷ ምድጃ ናት። ትንበያው የሚያወራው ስለ ማሳ ነው።

ሰዉ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ነፋሱ ገባ። መጀመሪያ ሐይቁ ጠቆረ። ከዚያ ከታች ያሉት ባሕር ዛፎች ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ አቧራው፤ ከዚያ የእንሰቱ ኮባ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ጭብጨባ ተንጫጫ። "ይኸው መጣ!" ብሎ የሳቀ ሰው ነበር። ሳቁ አላለቀም። ነፋሱ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ፍሙን አነሳው። በእንሰቱ ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ኮባ ተያያዘ፤ ከኮባው የተነሳ ብልጭታ የቤቱ ክዳን ጠርዝ ላይ አረፈ። የወንድሜ ሚስት "ቤቴ!" ብላ ስትጮህ ሰማሁ።

ቀጥሎ ያየሁትን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ማጭድ በእጁ ያለው እርጥብ ኮባ ቆርጦ ይወረውራል፤ የተወረወረለት እየደበደበ ያጠፋል። የእንሰት ግንድ የገነጠሉ ሰዎች ውሃ የቋጠረውን ልጥ ምድጃው ላይ ጫኑት። ሴቶቹ ለእጅ መታጠቢያ የቀረበውን ጀሪካን ሁሉ ገለበጡ። ያ አፈኛ ጎረቤት ከየት መጣ ሳይባል ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ የሚጨሰውን ሳር በማጭድ እየቆረጠ ወደ መሬት ይጥላል፤ ከታች ያሉት ይረግጡታል። ወንድሜ ከጎኑ በመሰላል ወጥቶ በባዶ እጁ ይነቅላል። ጠዋት አረም ያጨደ ደቦ ከሰዓት ጣሪያ አጨደ። ደቦው ባይጠራ ያ ምድጃ አይነድም ነበር፤ ደቦው ባይኖር ደግሞ ቤቱ ይሄድ ነበር። ይህን ሁለቱን ነገር ለማስታረቅ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ጭሱ ሲቆም ቤቱ ቆሟል። በጀርባው በኩል የክዳኑ ጠርዝ እንደተገመጠ ዳቦ ጎድሏል። ሁላችንም ዞረን ወደ ማሳው አየን። መሀል ላይ የተከመረው አገዳ ሳይለኮስ ተቀምጧል፤ ነፋሱ ከላዩ እየመዘዘ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ይልከዋል። ጎረቤትየው ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሮ ወደ ወንድሜ ዞረና፣

"እህትህን በጊዜ ብትሸኛት ኖሮ ነፋሱም አይመጣም ነበር" አለ።

ወንድሜ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የተቃጠለ እጁን እያራገበ ሳቀ።

እሑድ ወደ ሶዶ ስመለስ የወንድሜ ሚስት ለተከራይዋ አንድ ጠርሙስ ዳጣ ላከችላት። ልጅቷ ልብሷን ስታሰጣ አገኘኋትና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ጨለመ።

"ስንት ሰዓት ላይ ገባ እትዬ?"

"አሥር ሰዓት ግድም።"

"እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ጠብቄው ነበር። ዘግይቷል።" እርጥብ ነጠላዋን ይዛ ቆመች። "ደግሞ እሳት ስል ያሰብኩት ማሳውን ብቻ ነው። የምግቡን አላሰብኩም። እኛ አገር ለደቦ ውጭ አይቀቀልም፣ ቤት ተሠርቶ ነው የሚመጣው።"

"ቤት ተረፈ እኮ እያልኩሽ ነው።"

"ገባኝ እትዬ። ግን አላልኩትም።"

በተከታዩ ዓርብ ጠዋት ሬዲዮ ከፈትኩ። "በሜዳ ላይ እሳት ከማንደድ፣ ለደቦ ምግብ ማብሰያ የሚነደውን ጨምሮ፣ መቆጠብ ይመከራል" አለች። ወላይትኛው ተከተለ፤ እዚያ "ዳጎ" የሚለው ቃል በመንግሥት ትንበያ መሀል ሲያልፍ ሰማሁት። ብዙ የተመሰገኑ ድርሰቶች አንብቤአለሁ፤ በአንድ ሐረግ ጭማሪ እንዲህ የተሻለ ጽሑፍ ግን ትዝ አይለኝም። ባለሱቁ አሁንም ያሾፍባታል።

ወንድሜ ክምሩን አንድ ጸጥ ያለ ንጋት ላይ ብቻውን አቃጠለው። የተገመጠውን ክዳን ለመጠገን ደግሞ ሳር ሲገኝ ሌላ ደቦ ጠራ። በዚያ ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ፤ እኔን አልነበረም የፈለገው። "ለተከራይሽ ስጪያት" አለ። ወንድሜ አማርኛ የሚናገረው ወረዳ ቢሮ ሲሄድ ብቻ ነው፤ በእሱ አማርኛ ወንድም ሴትም ሁሉም ሰው "አንተ" ነው። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ግቢው ውስጥ ይሰማል።

"አንተ ልጄ፣ ደህና አደርክ? ዛሬ ነፋስ አለ?"

ልጅቷ ወደ ሰማይ አላየችም። ትንሽ አሰበች። "ከሰዓት በኋላ ሊኖር ይችላል ጋሼ" አለች።

ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ከወዲያ በኩል ወንድሜ ፊቱን ከስልኩ አዙሮ በወላይትኛ ወደ ሚስቱ ሲጮህ ሰማሁት፦

"ድስቱን ተዪው! ዛሬ ደቦው የቀዘቀዘ ይበላል!"